ገደልን ያልንበት ጉማ

ብዕሩን የያዘው እጅ የእኔ አይደለም። ሀብተጊዮርጊስ የሚባል እስረኛ ነው፤ ፍርድ ቤት በር ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ ራፖር ሲጽፍ የኖረ፣ ኋላ የሰው ማኅተም አስመስሎ ቀርጾ እዚህ የገባ። ክርስቲያን ነው፤ ግን ከአፌ የወጣውን ሳይቀንስ ሳይጨምር እንዲጽፍ በታቦቱ አስምዬዋለሁ። እጁ የሱ፣ ቃሉ የእኔ ነው። አንተ ፊደል የቆጠርከው በደርግ ጊዜ፣ ቁቤ የሚባለው የኦሮምኛ ፊደል ሳይመጣ ስለሆነ በአማርኛ አጽፌልሃለሁ።

አሰላሙ አለይኩም ልጄ፣ ኢልማ ኮ። እንዴት ከርመሃል? ጉልበትህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲነካው የሚነሣብህ ጎንህስ ተወህ? የምትበላው አለ? የምትተኛበት ጣራ ያፈሳል? ያለህበትን አገር ስም አላስጽፍም፤ አንተም በአፍህ አትጥራው። እኔን ከጠየቅህ አልሐምዱሊላህ፣ አለሁ። የተሰበረው ክንዴ ጠሞ ስለገጠመ ውሃ የሞላ ጣሳ አያነሣልኝም። ሌላው አካሌ የእኔው ነው። ጥርሴ ሥጋ ይቆርጣል። እናትህም ደህና ናት፤ ፀጉሯ መልሶ በቅሏል።

የላክኸው ቃል ደርሶኛል። እናትህ በሽቦው በኩል በጆሮዬ ነግራኛለች። «መጥቼ እጄን እሰጣለሁ፤ ብቻዬን ነው የገደልኩት፣ ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አያውቅም እላለሁ» ብለሃል አሉ። እኔ በነገር ዙሪያ የምዞር ሰው አይደለሁም፤ መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። አትምጣ። ምክንያቱን ደግሞ ስማ።

አንተ የምታውቀውንም አስጽፋለሁ፤ ሀብቴ «ነገሩ ከሥሩ ካልገባኝ እጄ አይሄድልኝም» ብሎኛል። ወሰንተኛችን ዋቅጅራ የወሰናችንን ድንጋይ ገፍቶ ወደ ቡናችን አስገባው። «ድንጋዩን መልስ» አልኩት። ሸቤ ገበያ ላይ፣ ሰው እንደ ጉንዳን በፈሰሰበት፣ ጢሜን ይዞ ጎተተኝ። በአለንጋ ጀርባዬን ገረፈኝ፣ አንገቴን ገረፈኝ፣ ፊቴን ገረፈኝ። «አንተ ሽማግሌ፣ ወሰን ከምትለካ መቃብርህን ለካ!» እያለ። አንዲት ጨው ሻጭ «ማሎ! ማሎ!» ብላ እየለመነች መሃል ብትገባ እሷንም በጥፊ አላት። ወንድ ሁሉ ቆሞ አየ። ቤት ገብቼ ለማንም አልተናገርኩም። ፊቴን አልታጠብኩም። እናትህ ውሃ ብታመጣ ገፋሁባት፤ ደሙ በጢሜ ላይ እስኪደርቅ ተቀመጥኩ። አንተ በሩ ላይ ቆመህ አየኸኝ። አንድ ቃል ከአፌ አልወጣም። ይህን ሀብቴ አስምሮ ይጻፈው፤ አንድ ቃል አልወጣም።

በማግስቱ የዳዶ ተራው የእኛ ነበር። ሀብቴ ከተሜ ስለሆነ ዳዶ ማለት ዛሬ ለእኔ ነገ ላንተ እየተባባሉ በተራ መሥራት መሆኑን አስረዳሁት። የወንድሜ ልጅ ጣሪቅ መጣ፤ ገና ሙሽራ ነው፣ የእጁ እንሶስላ አልለቀቀም። ጎረቤታችን ዘለቀ መጣ፤ አባቱ ከሸዋ መጥቶ እዚያው የተቀበረ። ቅርጫታቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው እሸት ቡና ሲለቅሙ አረፈዱ። ዘለቀ ጣሪቅን «ጣትህ ከሌሊት ሥራ የተረፈ አይመስልም፣ ፍጠን እንጂ!» እያለ ያሾፍበታል። ከወሰኑ ማዶ ዋቅጅራ በማድረቂያ አልጋ ላይ ያሰጣውን ቡና ያገላብጣል። አንተ ከዛፉ ሥር ተነሥተህ ሄድክ። እኔ ተቀምጬ አየሁ።

የመጀመሪያው ምት የዋቅጅራ ትከሻ ላይ አረፈ። ዞሮ እጁን ሲያነሣ ሁለተኛው ጣቶቹን አወረዳቸው። ሦስተኛው አንገቱ ላይ ነው። የቡናው አልጋ ከሥሩ ተሰበረና ሰውየው ከነቀይ ቡናው ተደፋ፤ ደሙና ቡናው አልለይ አለ። እንደ ታረደ በሬ ተንፈራገጠ፤ አንተ አሁንም ትመታለህ። የደረሰው ዘለቀ ነው። ገጀራውን ከስለቱ በኩል በባዶ እጁ ያዘው፤ መዳፉ እስከ አጥንቱ ተተለተለ። «ይበቃል! ሞቷል እኮ ይበቃል!» እያለ ገፈተረህ። ሸሚዙን ቀዶ የዚያን ሰው አንገት ሊያስር ሞከረ። ምን አንገት አለ? በጨርቁ መሃል ትንፋሹ ይንተከተካል። ጣሪቅ ግንድ ተደግፎ ያስመልሰዋል። አንተ በወንዙ በኩል ሄድክ።

ሬሳው ሳይነሣ ወንድሞቹ መጡ። ቤታችንን ከነእህሉ አቃጠሉት። እናትህ ቁርአኑን ላውጣ ብላ ስትገባ ፀጉሯ ተያያዘ፤ በጭቃ ነው ያጠፋሁላት። ክንዴን በመጥረቢያ እጀታ ሰበሩት። አጥንቱ ሲሄድ ድምፁን ሰማሁት፤ አልጮህኩም። የጣሪቅን ሙሽራ ዩምናን ከደጃፏ ጎትተው ረገጧት፤ ገና የያዘችው ጽንስ ወረደ። ይህን እናትህ እንዳልነገረችህ አውቃለሁ።

እንዲህ እያለ አገር ሊያልቅ ሆነ። ስለዚህ ለአገር ሽማግሌው ለሼህ ቲጃኒ ላክሁበት፤ ሽማግሌ ገብቶ የደም ካሳው፣ ጉማ ተቆረጠ። ጉማ እንዴት እንደሚደረግ ታውቃለህ። የገዳይ ወገን እጁን በሳር ገመድ አስሮ በሟች ወገን ፊት ይቆማል። «እገሌ ገደለ» አይባልም። «ልጄ ነው እንጂ እኔ የለሁበትም» ያለ ልጁን ሸጠው ማለት ነው፤ ደሙ በዚያ በአንዱ ራስ ላይ ይቀርና እንደ ከርከሮ ይታደናል። ስለዚህ የቆመው ሁሉ «ኑቱ አጄፍኔ» ይላል፤ እኛ ነን የገደልነው። ደም በብዙ ትከሻ ሲሸከሙት ይቀላል። ከአባቶቼ የተቀበልኩት ይህን ነው፤ ዛሬም አልክደውም።

ጣሪቅ ሥጋዬ ነው፤ ሳይጠየቅ ቆመ። ዘለቀን ግን የጠራሁት እኔ ነኝ። እጁ በጨርቅ እንደተጠቀለለ መጣ። «አባ፣ እኔ እኮ ለማዳን ነው የሮጥኩት። ወገናችሁም አይደለሁ፣ ሃይማኖቴም ሌላ» አለኝ። «ዳዶዬ ላይ ነበርክ፤ ዳዶ ወገን ነው። ዛሬ ከእኛ ጋር ካልቆምክ ነገ ብቻህን ሲያገኙህ ከአንተ ይጀምራሉ» አልኩት። «እንግዲህ እርስዎ ካሉ» ብሎ ያንን ቁስል እጁን ለገመድ ሰጠ። ተራው ሲደርስ «ኑቱ አጄፍኔ» አለ፤ እዚያው የተወለደ ነው፣ ኦሮምኛው እንደኛው ነው። ከብቱ ተነዳ፣ በጉ ታረደ፣ ሁላችንም እጃችንን ደሙ ውስጥ ነከርን። ከሟች ወገን ታናሽ ወንድሙ ብቻ አልነከረም፤ ምራቁን ተፍቶ ሄደ። ለሰላሙ ይጠብቀን ብለን የጠራነው ፖሊስ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጦ ሥጋውን በላ፣ አጥንቱንም ጋጠ።

ያ ፖሊስ ነው ሳምንት ሳይሞላ ለሦስታችን ካቴና ይዞ የመጣው።

ዓቃቤ ሕጉ የሰኮሩ አገር ልጅ ነው። ጨዋ ነው፤ አባ እያለ ነው የሚጠራኝ፣ አባ እያለ ነው የሚያርደኝ። ይሄ አዲሱ ሕግ የሚለውን አስረዳን። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ወንጀል ለማድረግ ከተስማሙ፣ ስለቱን የያዘው አንድ እጅ ቢሆንም ሁሉም በወንጀል ያደሙ ናቸው አለ። ሲስማሙ ቆሞ የሰማ ምስክር አያስፈልግም፤ ስምምነቱ ከአደራረጋቸው ይታወቃል አለ። ከዚያ ማስረጃውን እንደ ማገዶ ከመረው። ዳዶው የምክክር ስብሰባ ሆነ። የዘለቀ መዳፍ አብሮ ሲመታ ስለት ተንሸራቶበት ሆነ። የተቀደደ ሸሚዙ ደሙ እንዳለበት ተዘርግቶ ታየ። ጉማው ደግሞ የእምነት ቃል ሆነ። ፖሊሱ ቀረበና «ሦስቱም ገደልን ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ» አለ። እኔ ከቆምኩበት «ሥጋዬን ትፋና መስክር!» አልኩት። ሰው ሳቀ። ዳኛው ጠረጴዛ መታ። ሼህ ቲጃኒንም ቁርአን አስያዙት። «ብለዋል ወይስ አላሉም?» ሲሉት ዓይኑ እንባ ሞልቶ «ብለዋል» አለ። ምን ያድርግ? ብለናል።

ኋላ ዓቃቤ ሕጉ ገጀራውን አነሣ። «የምንጣሮ ጊዜ አልፏል፤ ቀኑ የለቀማ ነው። እሸት ለመልቀም ገጀራ ምን ያደርጋል?» አለ። ጣሪቅ «እኛ ቅርጫት ነው የያዝነው» አለ። «ታዲያ ለሸሸው ማን ሰጠው?» አለው። «አላየሁም።» ዘለቀን ጠየቀው። «እንጃ፣ ስንደርስ በእጁ ነበር» አለ። «ከሰማይ አልወረደም መቼም» አለ ዓቃቤ ሕጉ፤ ተዘጋጅተው ነው የመጡት አለ። ዳኛው ጻፈ። እኔን የጠየቀኝ የለም።

መንግሥት የሰጠን ጠበቃ ሰሎሜ የምትባል ልጅ እግር ናት። አንድ ቀን ለብቻዬ አስጠርታኝ «አባ፣ ገደልን ያሉት ለእርቅ ነው ወይስ እውነት ሆኖ?» አለችኝ። «እርቅና እውነት ምን ለያቸው?» አልኳት። «እዚህ ቤት ይለያያሉ» አለች። ደፋር ናት፣ ወደድኳት። «ልጄ መጥቶ ‹ብቻዬን ነኝ› ቢልስ?» አልኳት፤ አንተ ከመላክህ በፊት ነው። አይጠቅምም አለች። ዳኛው ዘመዶቹን ሊያድን ነው ይላል፤ እናንተ በአፋችሁ «እኛ» ብላችኋል። አድማው የሚፈርሰው፣ አለችኝ፣ ነገሩ ከማን ተነሥቶ ለማን እንደተሰጠ፣ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ እንዳልሰሙ ከታወቀ ነው። ይህን ብላ ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። እኔ ግን ያን ይዤ ከረምኩ።

በዚህ መሃል ዘለቀ ተወጋ። የሟች ያክስት ልጅ በሌብነት እዚህ ገብቶ ነበር። ምግብ ስንቀበል የማንኪያ እጀታ ድንጋይ ላይ ስሎ መጣ። እኔን ሲፈልግ መጀመሪያ ዘለቀን አገኘው። «አንተም ገደልን ብለሃል» ብሎ ከጎድኑ ሥር ሰካበትና አዞረው። የምግብ ቆርቆሮው ከነወጡ ወደቀ። እኔ በደህናው እጄ ያንን ልጅ ጉሮሮውን ይዤ ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር አጋጨሁት፤ ፊቱ እስኪጠፋ። ጠባቂዎች ባይደርሱ ሁለተኛ ጉማ ነበር። ዘለቀ ተረፈ፣ ግን ከዚያ ወዲህ ሲያስል ደም አለው። ሌላም ዘመድ እየመጣ ነው ይባላል። ፍርዱ ሳይደርስ እንደ በግ ይጨርሱታል።

ሚስቱ ሸዋረገጥ ጠያቂ ሆና መጣች። ሰው ሁሉ እየሰማ በሽቦው ላይ ተንጠልጥላ «ጉማዎን ይብሉት አባ! የእኔ ባል ያደረገው ስለት በእጁ መያዝ ነው! የእርስዎ ልጅ ያረደውን ባሌ ይክፈል?» አለችኝ። ቆርቆሮዬን ይዤ ተመለስኩ።

እንግዲህ የወሰንኩትን ስማ። ሐሙስ ቀጠሯችን ነው። ዳኛው ፊት ቆሜ «ያዘዝኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። ሐሰት ነው፤ ለሀብቴም ሐሰት መሆኑን ነግሬዋለሁ። ግን ሐሰትም ቢሆን በደንብ መነገር አለበትና እንዲህ ነው የምለው። ጠዋት ጤዛው ሳይረግፍ ከጓሮ ገጀራውን በወንዝ ድንጋይ ሳልኩት። ስለቱን በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ሞከርኩት፤ ያዘ። እናትህ ቅርጫትህን ስታቀብልህ ከእጅህ ወስጄ መሬት አስቀመጥኩት። በቦታው ገጀራውን ሰጠሁህ። አንተ ፊቴን አየህ፤ ደሙ ገና ጢሜ ላይ ነበር። አንድ ቃል አልተናገርንም። ጣሪቅና ዘለቀ ገና አልደረሱም ነበር፤ ከዳገቱ በታች የዘለቀ ሳቅ ይሰማ ነበር።

እዚህ ላይ ሀብቴ ብዕሩን አስቀመጠ። «አባ፣ ለሐሰት ብዙ ያስታውሳሉ» አለኝ። «ጻፍ» አልኩት።

አንተም ይህንኑ ያዝ። ለእናትህ «እሺ» የምትል አንዲት ቃል ስጣት፤ ደብዳቤ አትጻፍ። አትምጣ፤ ያ እጁን ያልነከረው ወንድም ድልድዩ ላይ ሰው አስቀምጧል፤ ዳኛ ፊት ሳትደርስ በገደሉ ውስጥ ነው የምትቀረው። ምናልባት ፖሊስ ከያዘህ ግን «ማንም አላዘዘኝም» የምትለውን ተው። ለእኔ ብለህ ነው የምትለው፤ አውቃለሁ፤ መሸሸጊያ ዋሻ አታብጅልኝ። «አባቴ ሰጠኝ» በል። ይቺ ብቻ ትበቃለች።

ሀብቴ ደግሞ ፈርቷል። «አባ፣ ሁለት ሰው ለፍርድ ቤት የሚባለውን ከተስማማ ይሄ ራሱ አድማ ነው፤ እኔንም ሦስተኛ አድርገው ይጨምሩኛል» ይላል። ሳቅሁ። በዚህ ክስ ውስጥ ተቀምጦ የመከረ ሰው እስከ ዛሬ አልነበረም፤ አሁን ገና የደንቡን አደምን አልኩት። ይህንንም ጻፈው ብዬው ነው የጻፈው።

ዕድሜዬ አያሳሳኝም። ቢሰቅሉኝም የሚያጡት ገመድ ነው፤ እኔ የበላሁትን በልቻለሁ። ያዘዘ ከመታው እኩል ነው ይላል ሕጉ፤ ይሁን። እኔ ግን ከሱ የሚበልጥ ነው ብዬ ነው የምገባው። ሐሙስ በተከሳሽ ሳጥን ስንቆም ጣሪቅንና ዘለቀን «ፈቀቅ በሉልኝ፣ ብቻዬን ልታይ» እላቸዋለሁ። ጉማ ላይ አብረን ቆመናል፤ ይበቃል።

አንድ ነገር ልምከርህ። ልጅ ብትወልድ፣ ሰው አዋርዶህ ወደ ቤትህ ብትመለስ፣ ፊትህን ወንዝ ላይ ታጥበህ ግባ። ለምን እንዳልኩህ አትጠይቀኝ።

አላህ የምትረግጠውን መሬት ያደላድልልህ። የበላኸው ይስማማህ፣ የተኛህበት እንቅልፍ ይስጥህ። የሟቹ ፊት በሕልምህ አይምጣብህ፤ ከመጣም ወደ እኔ ላከው። እናትህን አትርሳት። ይህን ካነበብክ በኋላ አቃጥለው።

አባትህ ነኝ።

በል ሀብቴ፣ ጨርሰናል። አሁን አንብብልኝ፣ ከራሱ ጀምረህ። አታንሾካሹክ። ዘለቀ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም፣ ትንፋሹን አውቀዋለሁ። ጮክ ብለህ አንብብ።